የአርማው ሸራ አልወርድም ያለ ዕለት

አሰብ ላይ ነፋስ መነሣቱን ከሰው በፊት የሚያውቀው ሸራ ነው። እኛ ገና ሽርጣችንን ሰብሰብ ሳናደርግ፣ የወደቡ በር ላይ የቆመው መኪና ሸራ ጠርዙ ላይ መርገብገብ ይጀምራል፤ ወዲያው አንድ ገመድ ይላላል፤ ከዚያ ሸራው እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይማታል። እኔ ሸራ ሰፊ ስለነበርኩ ያንን ድምፅ ተኝቼም እለየዋለሁ። የጭነት መኪና ሸራ፣ የጄኔሬተር ልብስ፣ የበረንዳ ጥላ፣ ምን ልበላችሁ፣ በዚያ ከተማ ከፀሐይና ከጨው የሚሸሸግ ነገር ሁሉ በእኔ መርፌ አልፏል ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። የላላ ገመድ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። መኪናው የማንም ይሁን፣ ባለመኪናውን አታውቀውም ይሆናል፣ ወይም ከትናንት ወዲያ ተጣልተኸው ሊሆን ይችላል፣ ገመዱን ግን ጠበቅ አድርገህ ቋጥረህ ታልፋለህ። አመሰግናለሁ የሚልህም የለም፤ አንተም አትጠብቅም። ስኳርና ዱቄት በአንድ የላላ ገመድ ምክንያት እንዴት እንደሚበላሽ ሁሉም አይቷል። አፋሩም፣ ትግሬውም፣ ከሸዋና ከወሎ የመጣነውም፣ ቋንቋ ባንግባባ እንኳ በዚህ እንግባባ ነበር።

እኔ የመጣሁት ከወሎ ነው፣ በሹፌር ረዳትነት። መኪናው አሰብ ላይ ሲበላሽ እኔም እዚያው ቀረሁ፤ ሸራ መስፋት ከአንድ ሽማግሌ የመናዊ ተማርኩና አንድ ድርጅት በቀን ሠራተኝነት ያዘኝ። ድርጅቱ የመገናኛ መሣሪያ የሚተክልና የሚጠግን ነበር። የመርከብ ሬዲዮ፣ ቴሌክስ፣ የክሬን ኤሌክትሪክ፣ ትልቁ የመኪና ሚዛን፣ ባጭሩ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ለሽቦውና ለመሣሪያው ልብስ እሰፋለሁ። ቤቱ ቀድሞ የአንድ ጣሊያን ጋራዥ ስለነበር፣ መንግሥት ከወረሰው ከብዙ ጊዜ በኋላም ሰው ሁሉ «ጣሊያኑ ጋ» እያለ ነበር የሚጠራው። «ሬዲዮኑን ጣሊያኑ ጋ ውሰደው» ይባላል። ይህ ነገር ሥራ አስኪያጃችንን ያንገበግባቸው ነበር። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በወበቁ ሁልጊዜ እየተንሸራተተ የሚያስቸግራቸው ሰው ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ጣሊያኑ ከሄደ ስንት ዘመን ሆኖት፣ እኛ ዛሬም በእሱ ስም እንጠራለን እያሉ ያዝኑ ነበር።

ስለ ራሴ ጉዳይ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። ማንበብ የተማርኩት እዚያው አሰብ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከሥራ በኋላ ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሹፌሩም፣ ዘበኛውም፣ ወዛደሩም በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ሀሁ እንቆጥራለን። ታስተምረን የነበረችው ልጅ የወደብ ወዛደሮች አለቃ፣ የካቦው ልጅ ነበረች። ካቦው ራሳቸውም ፊደል ለመቁጠር ተመዝግበው ነበር፤ ግን ልጄ ስትቆጣኝ ሰው አያይም ብለው ሌላ አስተማሪ ጋ ሄዱ። እኔ ግን እንድትቆጣኝ ስል የማውቀውን ፊደል እሳሳት ነበር። እሷም ይህን ደረሰችበት። አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጣ፣ ማንም ሳይሰማ፣ «አንተ ‹ጨ›ን ካወቅካት ሁለት ወር ሆኖሃል፤ የምትለው ካለህ ለምን አትልም» አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌ ስል እንደ አገር ቤቱ አይደለም፤ አሰብ ላይ ዘመድ ከየት ይመጣል? አንደኛው የነዳጅ ማጣሪያው ዘበኛ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው፤ ሁለተኛው የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው፣ ከእኔ ጋር የመጣ፣ አፉ የማያርፍ። ካቦው በክብር ተቀበሏቸው። ስፌቴን እንደሚያውቁ፣ ጠባዬም እንዳልከፋቸው ነገሯቸው። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ አለህ ነገ የለህም የሚሉትን ሰው ልጄን ይዘህ ሂድ አልለውም አሉ። ቋሚ ይሁንና ይምጣ። ነገሩ በዚሁ ቆመ። ሹፌሩ ጓደኛዬ ሲመለስ፣ እምቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም፣ መንግሥትን ነው የጠቆሙት ብሎ ሳቀብኝ።

ቋሚ መሆን ያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ስንቱን ዓመት በቀን ሠራተኝነት የገፋ ሰው ነበር። እኔም ለሥራ አስኪያጁ አንድ ሁለት ጊዜ አመልክቼ፣ የሥራ መደብ የለም ተብዬ ነበር።

እንዲህ እያለሁ የአርማው ነገር መጣ። ድርጅታችን አዲስ ስም ወጣለት፣ አዲስ አርማም ተሠራለት። በዚያ ዓመት የወደብ፣ የትራንስፖርትና የቴክኒክ ድርጅቶች ጉባኤ አሰብ ላይ ሊደረግ ነው ተባለና፣ ሥራ አስኪያጁ አርማውን በጉባኤተኛው ፊት ለመግለጥ አሰቡ። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ ገመዱን ይስባል፤ ሸራው ይወርዳል፤ አርማው በአምፑል ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ «ጣሊያኑ ጋ» የሚል ሰው አይኖርም። ሐሳቡ ይህ ነበር።

አርማው አዲስ አበባ ተሠርቶ፣ በብርድ ልብስና በገለባ ተጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና መጣ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው ቆለፉበትና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው በስተቀር ያየው የለም፤ እሱም ምሎ ነው የገባው። ከዚህ በኋላ ከተማው ሥራ ፈታ። ወዛደሩ መርከብ ነው አለ፤ ሹፌሩ መኪና ነው አለ፤ ኢድ ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር ዓሣ ይዞ የሚመጣ አንድ አፋር ወዳጄ ደግሞ፣ ይህን ያህል የተሸሸገ ነገር ሙሽራ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ ጠየቀኝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ሻይ እየጋበዙ ሊያስወጡት ሞከሩ። ያንን ሰሞን ያልጠጣው ሻይ የለም፤ አንዲት ቃል ግን አልተነፈሰም።

ሸራውን እኔ እንድሰፋ ታዘዝኩ። መጀመሪያ ቀበሌው ቀይ ጨርቅ ሰጥቶን ነበር፤ ሰቅዬ ብሞክረው የአሰብ ነፋስ በአንድ ከሰዓት እንደ ወረቀት ቀደደው። ስለዚህ ቀዩን ጨርቅ በመኪና ሸራ ደረብኩት። ከፊት ቀይ፣ ከኋላ ሸራ። በሁለት ቋሚ ብረቶች መካከል አርማው ይሰቀላል፤ ሸራው ከላይ ይለብሰዋል፤ አናቱ ላይ ያለው አንድ ገመድ ብቻ ይይዘዋል። ገመዱን ያሰርኩት አንድ ጫፉ ሲሳብ በሚፈታው ዓይነት ቋጠሮ ነው፤ ልክ እንደ ጫማ ማሰሪያ። ሥሩና ጎኑ ልቅ ነው፣ ልቅ ካልሆነ አይወርድማ። ሥራ አስኪያጁ ጊቢው ውስጥ፣ ባዶው ብረት ላይ፣ ደጋግመው ሞከሩት። ሲስቡት ፏ ብሎ ይወርዳል፤ ያጨበጭባሉ፤ መልሼ እሰቅላለሁ፤ እንደገና ይስቡታል። ሕፃን ነበር የሚመስሉት። በመጨረሻ መነጽራቸውን እየገፉ፣ «ይህ ነገር እንዲህ ከወረደልኝ፣ መደቡን ከየትም ከየትም ብዬ አመጣልሃለሁ። ቋሚ ትሆናለህ» አሉኝ።

አላስቻለኝም። ልጅቷ ጋ ሄጄ ነገርኳት። እሷ ለአባቷ ነገረች። ካቦው ሸራው የት እንደሚሰቀል፣ በየት በኩል ነፋስ እንደሚመታው ብቻ ጠየቁኝ አለችኝ። እንዴት አውቃለሁ ብላ ሳቀች።

ዕለቱ ደረሰ። ወሩ ጥር ስለነበር ሙቀቱ ለአሰብ ሰው ደህና ነበር፤ ለእንግዶቹ ግን አልነበረም። ማለዳ ብረቶቹን ከጊቢው በር ውጭ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ተከልናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም አባርረው ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር አርማውን በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ሰቀሉ፤ ሸራውን እኔ አለበስኩት፤ ከሸራው ሥር እጃቸውን አስገብተው ብርድ ልብሱን ሳቡት። ገመዱን አሰርኩ። ዘበኛችንን ጠርተው፣ ማንም ሰው ይህን ሸራ እንዳይገልጥ፣ ጫፉንም ከፍ አድርጎ እንዳያይ፣ በሕግ አምላክ አሉት። ዘበኛውም ዱላውን ይዞ አጠገቡ ቆመ። እኔ በቅርቡ ባለው የጉባኤ አዳራሽ በር ላይ ለእንግዶቹ የፀሐይ ጥላ መወጠር ስለነበረብኝ ሄድኩ።

የተፈጠረው ይህ ነው። ቆይቶ ነው የሰማሁት፣ ግን በቦታው ልንገራችሁ ካልኩ አሁን ነው። ነፋሱ ተነሣ። የሸራው ልቅ ጎን መማታት ጀመረ። ሰዓቱ ደግሞ የወደብ ሠራተኛ ተረኛ የሚለዋወጥበት ነው፤ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያው ወዛደር ልቅ ሸራ አየ። ቆመ። ዘበኛውን ሰላም ብሎ፣ ከወገቡ ሲባጎ አውጥቶ ጫፉን ከብረቱ ጋር ቋጠረና ሄደ። ሁለተኛው መጣ፣ በሌላው በኩል ያለውን ቋጠረ። ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው፣ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ከላይ ከላይ አሰሩ። አንዱ በሽቦ፣ አንዱ ከሽርጡ በቀደዳት ብጣሽ። ዘበኛውስ? የታዘዘው ማንም እንዳይገልጥ ነው። እነዚህ ሰዎች እየገለጡ አይደለም፣ እያሰሩ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ እያለ አመሰገነ። በኋላማ ሥራ መፍታት አስጠልቶት እሱም አንዷን ጥግ አሰረ።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። አዳራሹ ውስጥ ሪፖርት ይነበባል። የኮምቦልቻው ተወካይ ስለ መለዋወጫ ዕጥረት፣ የምጽዋው ስለ ክሬን፤ እንግዶቹ በሪፖርቱ ወረቀት ራሳቸውን ያራግባሉ። ትልቁ እንግዳ ከአዲስ አበባ የመጡ ወፍራም ሰው ነበሩ፤ የለበሱት ሳፋሪ ካኪ ከጀርባቸው ተጣብቋል፤ በረዶ የገባበት ሎሚናት በላይ በላዩ ይጠጣሉ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጃችን ተነሥተው፣ ድርጅታችን ከዛሬ ጀምሮ በአዲስ ስምና በአዲስ አርማ ይታወቃል፤ ጓዶች ወደ ውጭ እንድትወጡልን አሉ።  

ወጣን። የመንገዱ ዳር ጢም ብሎ ሞልቷል። ወዛደሩ፣ አስተማሪው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ተማሪው፣ ሁሉም አርማውን ሊያይ መጥቷል። ልጅቷም ከአስተማሪዎቹ መካከል ቆማለች፤ ካቦው ከጓዶቻቸው ጋር ከፊት ናቸው። ሸራው ጸጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ሳይ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። እንዲህ ባለ ነፋስ ልቅ ሸራ ጸጥ አይልም።

እንግዳው ገመዱን ጨበጡ። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ። ሳቡ። ቋጠሮዬ እንደ ቅቤ ተፈታ፣ ገመዱ በሙሉ ወርዶ እግራቸው ሥር ተጠቀለለ። ሸራው አናቱ ላይ ትንሽ ዝቅ አለና ቀጥ አለ።

 እንግዳው የያዙትን ገመድ አዩት፣ ሸራውን አዩት። ሥራ አስኪያጁ ሮጠው የሸራውን ሥር ይዘው ሳቡ። ምንም። እንግዳው ቀስ ብለው፣ «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ነገር ተበይዷል እንዴ?» አሉ።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ወዛደሮቹ ግን አልሳቁም፤ እነሱ የሚያዩት የማይንቀሳቀስ ዕቃ ነው፣ የማይንቀሳቀስ ዕቃ ሲያዩ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ሳይጠሩ መጡ። የሸራውን ሥር ያዙት፣ አንዱ «ሄላ!» አለ፣ ሌሎቹ «ሄላ ሄላ!» ብለው ተቀበሉት፣ ሳቡ። እንግዳው ከመሐል ገብተው ቀርተው ነበርና እሳቸውም ሳቡ። ሁለተኛው «ሄላ» ላይ ኮፍያቸው ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ይሰማ ጀመር። የኮምቦልቻው ተወካይ ወረቀቱን ጥሎ ከኋላ ያዘ። ብረቶቹ ወደ ፊት መዝመም ጀመሩ፤ ሥራ አስኪያጃችን፣ ጓዶች፣ ብረቱ፣ ብረቱ፣ እያሉ በዚህኛው ጎን ደግፈው ሲያቆሙ በዚያኛው ይዘማል። የእኔ ስፌት አንዲት ክር አልበጠሰም። በሌላ ቀን ቢሆን ኩራት ይሆነኝ ነበር።

ሮጬ ወደ ኋላ ዞርኩ። ያየሁትን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሁለቱ ብረቶች ከላይ እስከ ታች በቋጠሮ ተሞልተዋል። ዓይነቱ ሌላ፣ ገመዱ ሌላ። አንዳንዱን ሳየው የማን እንደሆነ አወቅሁ፤ ሸራ ሰፊ የሰውን ቋጠሮ እንደ ፊቱ ነው የሚያውቀው። መሳቅ ያዘኝ። ላለመሳቅ ብዬ ጮኽኩ፤ ማን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ኑና ፍቱልኝ አልኩ። «ይህች የወረቀት መጋዘኑ ሰው ቋጠሮ ናት! ይህ ሽቦ የነዳጅ ቦቴው ሹፌር ነው! ይህን የሽርጥ ብጣሽ ማን ነው ያሰረው፣ ሽርጡን አሳዩኝ!» ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቶቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዳንዶቹም እየተመጻደቁ፣ መጥተው ፈቱ። ሽርጡ የተቀደደው ሰውዬ ሲመጣ ሴቶቹ ዘፈኑለት። ዘበኛችን የራሱን ሊፈታ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ተቀመጡ፤ መሬት ላይ። ከዚያ በኋላ እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አንድ ቋጠሮ ቀረ። ከሁሉም በላይ፣ የቀኙ ብረት ጫፍ ላይ። መሰላል ይዤ ወጣሁ። ወፍራም የመርከብ ገመድ ነው፤ የተቋጠረው ደግሞ እርጥብ ሆኖ ሳለ ነው፣ ሲደርቅ እንዲጠብቅ። ሞከርኩት፣ አልነቃነቅ አለ። አወቅሁት። አሰብ ላይ እንዲህ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ሁሉም ስም እንድጠራ ይጠብቃል። ካቦው ያዩኛል። ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ አባቷን ታያለች፤ እሷም ገመዱን አውቃዋለች። በከተማው ሁሉ ፊት የእሳቸውን ስም ጠርቼ አስቄባቸው፣ ነገ እንዴት ሽማግሌ እልካለሁ? ዝም ካልኩ ደግሞ አርማው እንደተሸፈነ መቅረቱ ነው፣ ቋሚነቱም መቅረቱ ነው። ዝም አልኩ። ጣቶቼ እስኪላጡ ድረስ ታገልኩ።

ያን ጊዜ መሰላሉ ተነቃነቀ። ካቦው እየወጡ ነው። «ውረድ ልጄ፣ የኔ ነው» አሉኝ፤ ቀስ ብለው አይደለም፣ ሁሉም እንዲሰማ ነው ያሉት። ሕዝቡ አልሳቀም፤ ካቦውን ይፈራቸዋል። ግን እሳቸው ራሳቸው ከላይ ሆነው ወዛደሮቻቸውን አዩና፣ «ምን ታፈጣላችሁ፣ ሳቁ እንጂ!» ሲሉ የተነሣው ሳቅ መርከብ ላይ ያሉትን ሳያስደነግጥ አልቀረም።

በአውራ ጣታቸው አንዴ ገፋ አደረጉት፣ ቋጠሮው ተፈታ። ሸራው ግን አልወደቀም። ሲጠብቅ የቆየው ነፋስ ከሥሩ ገባና አነሣው። ከራሳችን በላይ፣ ቀዩ ወደ ታች ሆኖ፣ እንደ ትልቅ ወፍ አንዴ ዞረና ጉባኤተኛው ላይ ወረደ። እንግዳው፣ የኮምቦልቻው ተወካይና ፎቶ አንሺው ሥሩ ቀሩ። ሸራው ውስጥ ሰው ሲሳሳቅና ሲገፋፋ ይታያል፤ መውጫው በየት ነው የሚል ድምፅ ይሰማል። ያንን ሸራ ለማንሣት የሮጠ ሰው ሁሉ በሳቅ እየደከመ ይቀመጣል።

አርማው? አዎ፣ አርማው ተገለጠ። ጥርስ ያለው ክብ ብረት ነው፤ ከመካከሉ አንቴና ወጥቷል፤ ከአንቴናው ግራና ቀኝ የሬዲዮ ሞገድ ነው የተባለ የተጠማዘዘ መስመር ይዘረጋል። አምፑሉ ሁሉ በራ። ያምር ነበር። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ሲያይ፣ ያ ከኢድ የመጣው ዓሣ ሻጭ ወዳጄ በደንብ ተመለከተውና፣ በሙሉ እርግጠኝነት፣ ሸርጣን ነው አለ። እውነትም ሸርጣን ይመስል ነበር፤ አንዴ ከተባለ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ሊታይ አልቻለም። እንግዳው ከሸራው ሥር ወጥተው፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ አርማውን አይተው፣ «የታለ ሸርጣኑ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጣሊያኑ ጋ» የሚል ሰው ጠፋ። «ሸርጣኑ ጋ» ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ለረጅም ጊዜ ሲያስቡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። እየሳቁ ጀመሩ፣ ግን ሳቁ አልዘለቀላቸውም። የእኔን ነገር ለሠራተኛ ቅጥር ኮሚቴው አቅርበው ነበር። ኮሚቴው፣ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ እያለ ለሸራ ሰፊው ሹመት እንዴት ይሰጣል ብሎ መለሰው። እኔ የአንተ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን ሸራ ሲሉ አንተን ነው የሚያዩት አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ምንም አይደል ጌታዬ ብዬ ወጣሁ። ምንም አይደል ማለት ግን አልነበረም። ትናንት ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ፣ መርፌዬን ይዤ ያንኑ ቀይ ሸራ ዘርግቼ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔ ግን ክሩን አያይም።

ብዙም ሳይቆይ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል ካቦው ናቸው። ከዘበኛችን ሰምተው ነው የመጡት። ልነሣ ስል በእጃቸው አስቀመጡኝና እሳቸውም ሸራው ላይ፣ ከፊት ለፊቴ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።  ገመዱን ያሰሩት በማለዳ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣ፣ እኔ ወደ አዳራሹ እንደሄድኩ መሆኑን ነገሩኝ፤ ልጃቸው ነግራቸው፣ ከሁሉም ቀድመው የመጡ እሳቸው ነበሩ።

«ነፋሱ ወስዶት ሥራህ እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው» አሉኝ። «ቋሚ እንድትሆን ብዬ ነው እንደዚያ ያጠበቅሁት።»

 ሳቄ ሊመጣ ነው፣ እንባዬም ሊመጣ ነው፣ ሁለቱንም ዋጥኩ። እሳቸው ተነሡ፣ ሽርጣቸውን አራገፉ። ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ ዞር ብለው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ቋሚውን ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ። እንግዲህ ቋሚ ሁን ብዬ ልጠብቅህ አይደለም። እነዚያን ሽማግሌዎችህን ላካቸው» አሉኝ።

መርፌዬን የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮጥኩ። የማጣሪያው ዘበኛ ከሥራ ወጥቶ ተኝቶ ነበር፤ ቀስቅሼ፣ ጫማውን በእጁ አስይዤ፣ አወጣሁት። ሹፌሩ ጓደኛዬ ግን ጭኖ ሊወጣ ነው አሉኝ። ዘበኛውን እየጎተትኩ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ስንሮጥ የመኪናዎቹ ተራ መነቃነቅ ጀምሯል፤ የጓደኛዬ መኪና ከፊት ናት፣ ከኋላዋ ተሳቢ በተሳቢ ተሰልፏል። መንገዱ መሐል ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ጓደኛዬ ፍሬን ያዘና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አብደሃል? ወይስ ሰጡህ?»

«ሽማግሌ ላክ ብለዋል» አልኩት።

ሞተሩን አላጠፋም፣ ዘሎ ወረደ። ሸሚዙ በዘይት የተነከረ፣ ከላይ ሁለት ቁልፍ የሌለው። ዘበኛው ጫማውን መንገድ ላይ አደረገ። የካቦው ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱ ወደዚያ ሄዱ፣ እኔ ልማዱ ስለማይፈቅድልኝ ከግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ከኋላችን መኪናዎቹ መንገዱ ተዘግቶባቸው ጥሩምባ ማስጮህ ጀመሩ፤ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ተቀበለው፣ ከወደቡ እስከ ካምፖ ሱዳን ጥሩምባ ሆነ። ሰው ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ከቤት ወጣ።

ካቦው በሩን ከፍተው ቆመዋል። ከኋላቸው ልጅቷ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ዘበኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ደንቡ፣ ረጋ ብሎ፣ ከሩቅ ጀመረ፤ በጤና መሰንበታቸውን ጠየቀ፣ ስለ ወሎ ስለ ዘመዶቼ ሊያነሣ አፉን ከፈተ። ከጥሩምባው የተነሣ አንድም ቃል አይሰማም። ካቦው ጆሯቸውን ይዘው ትንሽ ታገሡ። ከዚያ በሩን ተደግፈው፣ ወደብ ላይ ክሬኑን እንደሚያዝዙበት ባለ ድምፅ፣ እኔም ከግድግዳው ጀርባ፣ መኪናዎቹም ከመንገዱ እንድንሰማ አድርገው ጮኹ።

«ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ ብያለሁ! አሁን መኪናችሁን ከመንገዱ ላይ አንሡልኝ!»